የባላባቱ ሸራ ጫማ በጥርባ ሣር ላይ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከባሕር ዳር መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሣን። የሄድሁት እንጅባራ አጠገብ፣ ጥርባ ሐይቅ ዳር በሜዳ ላይ ስለሚታይ ትያትር ለመጻፍ ነው። ሌላም ኃላፊነት ነበረብኝ። ባላባቱን ሆነው የሚጫወቱት ጋሽ ታደለ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። አምና በግራ እግራቸው ጣት ላይ የወጣች ቁስል እስክትድን አራት ወር ፈጅታለች። ሐኪማቸው ሌላ ቁስል ቢጨመር እግሩን ማትረፍ ሊያዳግት እንደሚችል ነግሯቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ሚኒባሱ በር ላይ ያዙኝ።

"ደህና ነኝ ይለኛል እንጂ ካልሲውን አውልቆ አሳይቶኝ አያውቅም" አሉ። "እግሩ እንዳይረጥብ። አደራ።"

ያሰጋን ጫማው ነበር። የትያትሩ አዘጋጅ የድሮ ባላባት የጎማ ቦት አድርጎ አይታይም ብሎ ከሸራ አሰፍቶታል። ቡናማ ቀለም ስለተቀባ ከሩቅ ቆዳ ይመስላል። በአዳራሽ ውስጥ ምንም አይለውም። በመስከረም መጨረሻ ግን የአዊ ሣር ቀኑን ሙሉ ጤዛውንና ካፊያውን ይዞ ይውላል።

ዳንግላ፣ ረፋድ

ሦስት ሰዓት ላይ ዳንግላ ገባን። ፍርፍር በልተን ጫማውን ከምግብ ቤቱ ጓሮ፣ እርጥብ ሣር ላይ ሞከርነው። ከቤት ያመጣሁት ዘዴ ፌስታል ነበር፤ በካልሲው ላይ አጥልቄ ጫማውን አስደረግኋቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስናወልቀው ካልሲው ሊጨመቅ ደርሷል። ውሃው በፌስታሉ አፍ ገብቷል፣ ላቡም መውጫ አጥቶ ውስጥ ቀርቷል። ቆዳቸው ነጥቶ ተጨማዷል።

"ልጄ፣ እግሬን እንደ ባቄላ ዘፈዘፍሽው" አሉኝ ጋሽ ታደለ።

በጋሪ ወደ መናኸሪያ ስንመለስ ወሬያችንን ያዳመጠው ባለጋሪ ፈረሱን ገታና፣ "ይሄማ የኮርቻ ሰፊ ሥራ ነው" አለ። ሳንጠይቀው ወደ ገበያው ታጠፈ። ለተጨማሪው መንገድ ሂሳብ አልጠየቀንም።

ኮርቻ ሰፊው አያ ፈንቴ ይባላሉ። ጫማውን ገልብጠው ከጆግ ውሃ አንቆረቆሩበትና ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ።

"ሸራውስ ደግ ነው። ክሩ ሰም አልበላም። ውሃው በስፌቱ ነው የሚገባ። የባሕር ዳር ሰው ሐይቅ ዳር እየኖረ ውሃ አያውቅም?"

"እኛ ውሃን የምናውቀው በጀልባ ነው" አሉ ጋሽ ታደለ።

አያ ፈንቴ ባለቤታቸውን በአዊኛ ጠሩ፤ ሴትየዋም ሰምና ሞራ ይዘው መጡ። የሶሉ ስፌት ተፈታ። አያ ፈንቴ አዲሱን ክር በሰም ደጋግመው እየሳቡ በወስፌ መልሰው ሰፉት። ከዚያ የቀለጠውን ሰምና ሞራ ከሶሉ ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርገው በጨርቅ አሹት። ላይኛውን ክፍል አልነኩትም፤ እግር ካልተነፈሰ ራሱን ያረጥባል አሉ። እኔም ፌስታሌን ወደ ቦርሳዬ መለስሁ።

"ሲረጥብ አይሰማዎትም እንዴ?" ብለው አያ ፈንቴ ጋሽ ታደለን ጠየቁ።

"ስኳሩ ከያዘኝ ወዲህ እግሬ አይነግረኝም።"

አያ ፈንቴ ወስፌውን አስቀመጡ። "ፈረስም አይናገር። ከኮርቻው ሥር ያለው ጨርቅ ረጥቦ ከዋለ ጀርባው ገጣባ ይሆናል፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል። ባለቤቱ ነው በየረፍቱ እጁን ሰድዶ የሚዳስስለት። በመዳፍ አይደለም፣ መዳፍ ሸካራ ነው፤ በእጅ ጀርባ።" ወደ እኔ ዞሩ። "እቴ፣ ሰሙ ግማሽ ቀን ቢመክት ነው። ከዚያ ወዲያ ያንቺ እጅ ነው።"

ለሰሙም ለጉልበታቸውም ሦስት መቶ ብር ተቀበሉን። ጫማው ከእሳት ርቆ እንዲያድርም አስጠነቀቁን።

ኮሶበር፣ ከሰዓት በኋላ

የአካባቢው ሰው እንጅባራን ዛሬም ኮሶበር ይላታል። ብርዱ ከዳንግላ ይብሳል። አያ ፈንቴ እንደመከሩን ከአንዲት የቀርከሃ ወንበር ሠሪ ዘንድ ከግንዱ የሚላጠውን ደረቅ ልባስ ለመንን፤ በነፃ ሰጠችን። በጋሽ ታደለ እግር ልክ ቆርጬ ቆዳቸውን እንዳይነካ ከውስጥ ካለው ወፍራም የጨርቅ ንጣፍ ሥር አስገባሁት። ከመሬት የሚመጣውን እርጥበት ያግዳል። ራታችን ድንች ወጥ ነበር፣ በጊዜ ተኛን።

ጥርባ፣ እሑድ

ሦስት ሰዓት ላይ ትያትሩ ሲጀመር ደመናው ከሐይቁ አፋፍ አልተነሣም ነበር። ሕዝቡ ዳገቱ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀምጧል። ባላባቱ አንዴ በፈረስ፣ አንዴ በእግሩ እርጥቡን ሣር ያቋርጣል። በመጀመሪያው ዕረፍት ዳሰስሁ፤ ደረቅ። በሁለተኛውም ደረቅ። ሦስተኛው ላይ ጋሽ ታደለ አስቸገሩኝ።

"ይሄ ሁሉ ሰው እያየ እግሬን ልዘርጋ? ደህና ነኝ አልሁሽ።"

"ደህና መሆንዎን እርስዎም አያውቁት፣ ጋሽዬ።"

አዘጋጁ በእጁ እያጣደፈን ነው። የግራውን ጫማ ፈታሁና የእጄን ጀርባ ተረከዛቸው ላይ አሳረፍሁ። ቀዝቃዛ ነበር። እርካቡ የፈተገው ሰም ተሰንጥቆ ውሃ አስገብቷል። ቆዳው ቀልቷል፣ ግን አልተላጠም። ካልሲ ልቀይር ስል ዳገቱ ላይ ከተመልካቹ መካከል አንድ ፈረሰኛ ጮክ ብሎ፣ "ባላባቱ ጫማ ሲያስፈታ ቆየ፤ ጦሩ በረደው!" አለ። ሜዳው ሳቀ።

ጋሽ ታደለ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። በባላባቱ ድምፅ፣ "ጦሩ ይጠብቅ! የጌታው እግር እስኪደርቅ አንድም ፈረስ እንዳይንቀሳቀስ!" አሉ። ሕዝቡ የትያትሩ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። እኔም ሳልቸኩል አደረቅሁ፣ አዲስ ካልሲ አጠለቅሁ፣ ከአያ ፈንቴ የተረፈችውን ሰም ስንጥቁ ላይ አሸሁ። ጋሽ ታደለ እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። ሲያልቅ ሁለቱንም እግራቸውን ጣት በጣት አየሁ፤ ጭረት እንኳ አልነበረም።

ባሕር ዳር፣ ሰኞ

ለብዙ ዓመታት ሥራዬ ሰው የነገረኝን አጣርቶ መጻፍ ነበር። "ደህና ነኝ" የሚለውን ቃልም ስንት ጊዜ እንዳለ ጽፌዋለሁ። ኮርቻ ሰፊው ጠጋ ብሎ መዳሰስ እንደሚያስፈልግ አስተማሩኝ፤ ባለውለታዬ ናቸው። መንገዱን የለወጠልንን ባለጋሪና የቀርከሃ ሠሪዋንም አመሰግናለሁ።

ወይዘሮ አስካለ በሩን ከፍተው እኔን፣ "እንዴት ነው እግሩ?" አሉኝ። ጋሽ ታደለ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ካልሲያቸውን ራሳቸው አወለቁና እግራቸውን ወደ ባለቤታቸው ዘረጉ።

"እይው እስቲ" አሉ። "እኔ አላውቅለትም።"