ሁሉም ኮምፒውተሮች ሲስማሙ

የሥራ ባልደረቦቿ «የምድር ቤቷ እመቤት» ይሏታል። ሲያሾፉባት ነው እንጂ እመቤትነቱስ የለም። ክፍሏ ከሆስፒታሉ የጨረር መመርመሪያ ማሽን ጎን ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮት የሚባል የሌለው። ዝናብ መዝነቡን የምታውቀው ከላይ የሚወርዱትን ሰዎች ጫማ አይታ ነው። ባሏ ሥራ አግኝቶ ልጃቸውን ይዞ ሌላ ከተማ ከገባ ወዲህ እሷ እዚያው ምድር ቤት ታስራ ቀርታለች። ቁልፉን የያዙት አለቃዋ ፕሮፌሰሩ ናቸው። «ይህችን ጥናት ብቻ ጨርሺልኝ፣ ዝውውርሽን በደስታ እፈርማለሁ» ይላሉ። ይህችን ብቻ ማለት ከጀመሩ ልጅቷ የወተት ጥርሷን ነቅላ አዲስ አብቅላለች።

ሥራዋ የውሸት ታማሚ መመርመር ነው። እውነተኛው ታማሚ ጨረር የሚረጭ መድኃኒት ተወግቶ ቀለበት በሚመስለው ማሽን ውስጥ ይተኛል። ከመድኃኒቱ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች ጀርባ ለጀርባ ሆነው ይፈተለካሉ፤ ማሽኑ ሁለቱንም በአንድ ቅጽበት ከያዛቸው በየትኛው መስመር ላይ እንደተነሡ ያውቃል። አንዳንዱ መድኃኒት ግን ሦስተኛ ይጨምራል፤ ማሽኖች ይህችን እንደ ትርፍ ይጥሏታል። እሷ ታማሚውንም ማሽኑንም በኮምፒውተር ውስጥ ፈጥራ፣ ሦስተኛዋም ብትያዝ የመድኃኒቱን መጠን በግማሽ መቀነስ ይቻል እንደሆን ትፈትናለች። ቅንጣቶቹ ወዴት እንደሚበሩ ኮምፒውተሩ በዕጣ ይወስናል፤ ለዕጣው መነሻ የሚሆን ቁጥር ይሰጠዋል። ውጤቱ የአጋጣሚ እንዳይሆን በክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዕጣ፣ ሙከራውን ይደግሙታል።

ደገሙት። ሁሉም ግማሹ ይበቃል አሉ። ፕሮፌሰሩ በዚያ ዕድሜያቸው ጮቤ ረገጡ። «እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም! በቃ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ!»

አዘጋጀች። ለምን ይህን ያህል ተስማሙ ብላ አልጠየቀችም። ለመሄድ የቸኮለ ሰው ምን ያስጠይቀዋል?

ፕሮፌሰሩ ውጤቱን ለሐኪሞቹ በሚያቀርቡበት ቀን ጠዋት፣ ለማሳያ እንዲሆን የሁለት ኮምፒውተሮችን ምስል አንሥታ አንዱን ከሌላው ቀነሰች። አሸዋ የተበተነበት የሚመስል ነጠብጣብ መቅረት ነበረበት። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠቆረ፤ አንዲት ነጠብጣብ እንኳ አልቀረችም። ክው አለች። ትእዛዙን አንዴ ጽፋ ወደ ሁሉም ስትገለብጥ መነሻ ቁጥሩን መቀየር ረስታለች። ቁጥሩ የልጇ የልደት ቀን ነበር፤ መነሻው አንድ ከሆነ ደግሞ ዕጣውም አንድ ነው። የተናገረው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ የቀሩት የሱኑ ይደግሙ ነበር።

ዝም ብትል ማን ያይባታል? ሻንጣዋ በሩ ሥር ቆሟል። ግን እዚያ ላይ ፎቅ፣ ግማሽ መድኃኒት ተወግቶ ዕጢው ሳይታይ «ደህና ነህ» ተብሎ የሚሸኝ ሰው ይኖራል። ደረጃውን ወጣች።

«ፕሮፌሰር፣ እባክዎ እንዳያቀርቡት። የኔ ጥፋት ነው፤ ሁሉም በአንድ ቁጥር ነው የተነሡት።»

መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን አሹ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ደግ አደረግሽ ልጄ። እንግዲህ ከሥሩ መጀመር ነው። ይህችን ብቻ ጨርሺልኝና…»

ምድር ቤት ተመልሳ ስልክ ደወለች። ያነሣችው ልጇ ናት።

«እማዬ! መኪና ውስጥ ገባሽ?»

«አይ የኔ ቆንጆ፣ ሥራ ተበላሸብኝ። እስቲ እርጂኝ፣ የመጣልሽን ቁጥር ሁሉ ጥሪልኝ።»

ልጅቷ ደስ ብሏት ጠራች፤ እናት ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየዞረች ጻፈች።

«ለምንሽ ነው ግን?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ሲደጋግሙ ያዝኳቸው። እንዲህ የሚደጋግም ደግሞ አይታመንም።»

ልጅቷ ቁጥር መጥራቷን ተወች። «መቼ ነው የምትመጪው?»

«ይህችን ብቻ ልጨርስና…»

«እማዬ፣ አንቺም እንደነሱ ነሽ እኮ።»

አንድ ኮምፒውተር ይቀራት ነበር፤ እናት ግን ቁጥር ሳትጠይቅ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች።