ያምና ውሃ የነፈገችው ማሳ

ነሐሴ ሲገባ አክስቴ ያምና ለኪፏ፣ ለካናቢስ ተክሏ፣ ውሃ ትከለክላለች። የመስኖ ተራዋ ሲደርስ ቦዩን ወደ ጎረቤት ማሳ ትመልስና እርከኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ተክሎቿን ታያለች። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሎቹ ዝለው ይንጠለጠላሉ። ፀሐይ ከቲድጊን ተራራ ጀርባ ስትወርድ ደግሞ ቀና ይላሉ። ቀና እስካሉ ድረስ አትራራላቸውም።

«ኪፍ ሲጠግብ ቅጠል ያበዛል» ትላለች። «ሙጫ የሚያወጣው ሲጨንቀው ነው። ጭንቀትም ግን ልክ አለው፤ ንጋት ላይ አንገቱን ካላነሳ ገደልከው ማለት ነው።»

አበባውን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ትለቀዋለች። ጣቶቿ ቶሎ አልላቀቅ ካሉ ፈገግ ትላለች።

ባሏ ሐዱ በሕይወት ሳለ ይህን ሥራ ሲሠሩ የኖሩት እየተደበቁ ነበር። ሐዱ ስሙ በጃንደርማዎቹ፣ በገጠሩ ፖሊሶች፣ መዝገብ ላይ ስለሰፈረ ዓመታት ጫካ ውስጥ ያደረ ሰው ነው። ሲታመም እንኳ ወደ ሐኪም ቤት መውረድ ፈርቶ ዝግባ ሥር ሞተ። በኋላ ሕጉ ተለውጦ ለመድኃኒት የሚያመርት ማኅበር ሲቋቋም፣ ከመንደራችን ሴቶች መጀመሪያ የተመዘገበችው ያምና ናት። ከምዝገባው ስትመለስ፣ «ስምሽን ጮክ ብለሽ ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት» አለችን። እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ መሃል ላይ እንባዋ መጣ።

የሐዱ ወንድም አላል ከእሷ ማሳ በታች ያርሳል። እሱ የአገሬውን ዘር ትቶ ቁመቱ ሰው የሚያክለውን፣ ውሃ የማይበቃውን የውጭ ዘር ነው የሚዘራው። የያምናን ሦስት እርከኖች ይዞ ጉድጓድ ሊቆፍርባቸውና ሞተር ሊተክልባቸው ሲጎመጅ ኖሯል። በመጨረሻ በሽማግሌ ፊት ተስማሙ። ማኅበሩ የያምናን ምርት፣ መድኃኒቱ ያለበትን የሙጫውን መጠን ለክቶ፣ ከተቀበላት መሬቱ በእጇ ይቆያል፤ ከመለሰባት ግን እርሻውን ለአላል ትለቃለች።

«የወንድሜ ሚስት፣ ኪፍሽ እኮ የረመዳን ጾመኛ መሰለ!» ይላታል በመንገዱ ሲያልፍ።

«የጾመኛ ጸሎት ይሰማል። ያንተው ከእንቅልፉ የሚነሳው ለመጠጣት ብቻ ነው» ትመልስለታለች።

በዚያው ሰሞን ልጇ ወለደችና ያምና ለስም ማውጣቱ ወደ ቆላው ወረደች።

በመንደራችን የመበለት የውሃ ተራ ደርቆ አያልፍም። መበለቷ ብትታመም ወይም ደጅ ብትሄድ ሌላ ሰው ገብቶ ያጠጣላታል፤ ይህን የሚያስጠብቁት የውሃ አባታችን ሻዒብ ናቸው። ሁላችንም ዓሚ፣ አጎቴ፣ ነው የምንላቸው። ዓሚ ሻዒብ የወይራና የበለስ ሰው ናቸው፤ ኃጢአት ነው ብለው ኪፍ ዘርተው አያውቁም። የያምና ተራ ተደጋግሞ ሲያልፍ፣ ተክሎቿም በቀትር ሲዝሉ አዩ። አቅም አጥታ፣ ሰው ማስቸገርም አፍራ መሰላቸው። መጥረቢያ የመሰለችውን መቆፈሪያቸውን ይዘው ወጡና ቦዩን ከፈቱላት።

ያምና ስትመለስ የላይኛው እርከን እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ዓሚ ሻዒብ በባዶ እግራቸው ጭቃው መሃል ቆመዋል።

«ተራሽን ጠበቅሁልሽ፣ ልጄ! እኔ በሕይወት እያለሁ የመበለት ማሳ አይደርቅም።»

ያምና ውሃውን አየች፤ ሽማግሌውንም አየች። ምጽዋት ነው፤ ምጽዋት ደግሞ አይሰደብም።

«አላህ እጅዎን ይባርከው፣ ዓሚ።»

«ድምፅሽን ምን ነካው?»

«መንገዱ አድክሞኝ ነው።»

ይህኔ አላል ከታች ሆኖ ሳቁን ለቀቀው። «ዓሚ ሻዒብ! ጾመኛውን በጠራራ ፀሐይ የባቄላ ሾርባ ጋቱት!»

«ምን ማለቱ ነው ይኼ?»

ከዚህ በኋላ መደበቅ አልተቻለም። «የሙጫው ጊዜ ነው፣ ዓሚ» አለች ቀስ ብላ። «ሆን ብዬ ነው ያስጠማሁት። አሁን ከጠጣ ወደ ቅጠል ይመለሳል፤ አበባውም ሊሻግት ይችላል።»

ሽማግሌው እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። «አላህ ሆይ! ስንቱን ሰው እንዲህ ባለ ደግነት ጎድቼ ይሆን?»

«ይነሱ እንጂ፤ ሱሪዎ ራሰ።»

«ሱሪ ይቃጠል!»

ያምና እጃቸውን ይዛ አነሳቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከእርከኑ ግንብ ሥር አንድ ድንጋይ መነቅነቅ ጀመረች፤ እሳቸውም አጠገቧ ተንበረከኩ። ድንጋዩ ሲወጣ ውሃው እየተንደቀደቀ በታችኛው መንገድ አድርጎ ወደ አላል ማሳ ገባ።

በማግስቱ ግን አፈሩ እንደረጠበ ነበር። ከላይ የሚያልፈው የአፈር ቦይ ያንጠባጥባል፤ ደረቅ መሬት ላይ አይታይም ነበር እንጂ ድሮም ያንጠባጥባል። አሁን የረጠበው አፈር እየጠራው ይስበው ጀመር። ቦዩ ካልተዘጋ እርከኑ አይደርቅም። ከተዘጋ ደግሞ ከሥሩ ያሉት ሁሉ ተራቸው ይቀርባቸዋል።

አርብ ከስግደት በኋላ ዓሚ ሻዒብ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ሰው ሊበተን ሲል ነው የተናገሩት።

«የመበለት ማሳ አይድረቅ ብለው ሕግ ያወጡልንን አባቶች አላህ ይማራቸው። እኔ ግን በዚያው ሕግ መበለቷን ጎዳኋት። ያምና እስክታጭድ የላይኛው ቦይ ይዘጋልኝ።»

ጉርምርምታ ተነሳ። «የኔስ ሽንኩርት?» አለ አንዱ።

«አህያ የለህም? ሚስት ስትሸከም የኖረችውን ውሃ አህያ ይሸከመው!» አለች ከግንቡ ወዲያ አንዲት ሴት፤ ሴቶቹ ሳቁ።

የሁሉም ዓይን ግን አላል ላይ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ውሃ የሚፈልገው የእሱ ማሳ ነው። አላል አንገቱን አከከ፤ ወደ ያምና አላየም።

«እሷ ከወደቀች መሬቱ ለእኔ ነው እኮ» አለ በመጨረሻ፤ እንዲያው በግልጽ።

«እናውቃለን። ታዲያስ?» አሉ ዓሚ ሻዒብ።

«ታዲያማ የወንድሙን መሬት በጭቃ አሸንፎ ወሰደ ስትሉኝ ልትኖሩ ነው።» ቆቡን ከራሱ አንስቶ መልሶ አጠለቀ። «ዝጉት።»

የዘጋውም ራሱ ነው። ቀይ ሸክላ በአህያ ጭኖ መጣና ከዓሚ ሻዒብ ጋር እየተጨቃጨቀ የቦዩን አፍ ለሰነ። ከዚያ ወዲያ መንደሩ ባልዲ ተሸካሚ ሆነ። የሚያልፍ ሁሉ ወደ ያምና እርከን ቀና እያለ፣ «እንዴት ነው፣ ጠማው?» ይላል። «መጥማት ጀምሯል፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች እሷም። ኪፍ ስለጠማው አላህ ሲመሰገን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ታችኞቹን ሁለት እርከኖች በጊዜያቸው አጨደች። የላይኛውን ጠበቀችው። ደመና ከባሕሩ በኩል ሲመጣም ማጭዷን አላነሳችም። አንድ ቀትር ላይ ቅጠሎቹ እንደገና ዛሉ፤ ሲመሽ ቀና አሉ። አበባውን ቆንጠጥ አድርጋ ስትለቀው ጣቶቿ ቶሎ አልላቀቅ አሉ፤ በማግስቱ አጨደችው።

ከማኅበሩ የመጣችው ሉብና የምትባል ልጅ ናት፤ ትንሽ መመዘኛ መሣሪያዋን በረንዳው ላይ ዘርግታ ከየእርከኑ ቆንጥራ ፈተሸች። አላል በሩን ተደግፎ ቆሟል። ያምና ሻይ ስኳር መጨመር ረስታ ቀዳች፤ ሁላችንም እንዲሁ ጠጣነው።

«የታችኞቹ በጣም ጥሩ ናቸው። የላይኛው ከእነሱ ያንሳል...» ብላ ሉብና ስለ መቶኛ ማስረዳት ጀመረች።

«ልጄ፣ በዝርዝር አትግደይኝ። ያልፋል ወይስ አያልፍም?»

«ያልፋል፣ እማ። ሦስቱም አልፈዋል።»

ያምና የያዘችውን ብርጭቆ መሬት አስቀመጠችና መሐረቧን ፊቷ ላይ ሳበች። «በይ እንግዲህ፣ መሬትሽን እረሺ» አላት አላል፤ ወጣና ደጁ ላይ ለብቻው ጥቂት ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ገብቶ ስኳር ጠየቀ።

በሳምንቱ ያምና የታጨደውን መሬት ገልብጣ ጎመን ዘራችበት። ተራዋ ሲደርስ ዓሚ ሻዒብን ቦዩ አፍ ላይ መቆፈሪያቸውን ተደግፈው ቆመው አገኘቻቸው። አልከፈቱም።

«ልልቀቀው ወይስ ልተወው?» ብለው ጠየቋት፤ በጣም በጥንቃቄ።

«ይልቀቁት፣ ዓሚ። ይኼ ጎመን ነው።»

ትንሽ ብቻ ከፈቱና ቀና ብለው ፊቷን አዩ።

«ይጨምሩ» አለች ያምና።