የሕግ ትምህርት ቤቱን የከሰስኩበት ማመልከቻ

ጎረቤታችን ኦቦ ቶለሳ ሰበታ ላይ ከዓመታት በፊት በከፈቱት የሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ባሌ ጠበቃ እሆናለሁ ብሎ ሽመናውን ተወ። የእኔ ዓይን መች ያርፍና! በአጥር ቀዳዳ ባይ፣ ሃያ ጎልማሳ አንድ መጽሐፍ ይቀባበላል። «ምስክር ወረቀቱን ዳኛ ባይቀበለውስ?» ብዬ ጭንቅ ያዘኝ። አዲስ አበባ ሄጄ፣ ትምህርት ቤቶችን ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ደጅ ከተቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች በአንዱ ክሴን አስጻፍኩ።

ሹሙ አንዴ አነበቡት፤ ደገሙት።

«እንዲህ አንቀጽ ጠቅሶ ማን ጻፈልሽ?» ብለው ጸሐፊውን አስጠሩት። «ሕግ የት ተማርክ?»

«እዚያው እሳቸው በከሰሱት ትምህርት ቤት ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ስትጽፍ እጅህን አልያዘህም?»

«‹የባለጉዳይህን ቃል ጻፍ፤ የልብህን ለራስህ ያዝ› ተብለን ነው የተማርነው።»

እፎይ! ባሌስ ዳነ፤ ማመልከቻዬን ከሹሙ እጅ መንትፌ ወጣሁ።