ወተቱን ፍሪጅ አስገቢው

ታላቅ እህቴ በሰባተኛ ወሩ ማህፀኗ ውስጥ የሞተባት ልጅ፣ እሷ የጨርቅ ጥቅል በማንሳቷ የሞተ ይመስላት ነበር። ቤተሰባችን ከድሬዳዋ ወደ ጂቡቲ መጥቶ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ጨርቅ መነገድ ከጀመረ ቆይቷል፤ እሷም እርጉዝ ሆና ከሱቁ አልቀረችም። "ያን ጥቅል ባላነሳው ኖሮ" ትላለች። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ጥቅሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ እርጉዝ ሳለች አንዲት ሶማሌ ወተት ሻጭ ከከተማው ዳር፣ ከባልባላ በየጠዋቱ የግመል ወተት ታመጣላት ነበር። የግመል ወተት ደግሞ አይፈላም፤ ልማዱ አይፈቅድም። እህቴ አንድ ቀን "ላፍላው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ወተት ሻጯ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። "ወላሂ፣ ወተቷ ከፈላ ግመሏ ትነጥፋለች!" አለች፣ እኔን እኔን እያየች። ይሉኝታ ያዘኝ። ሁለት ፊደል ቆጥራ አገሩን ናቀች እንዳልባል፣ "ግድ የለም፣ ወተቱን ፍሪጅ አስገቢው" አልኩ። በጂቡቲ ሙቀት ሁላችንም ፍሪጅን እንደ ሐኪም ነው የምናምነው።

ባልፈላ ወተት ውስጥ የምትገኘው ሊስቴሪያ የምትባል ባክቴሪያ ግን ብርድ አትፈራም፤ ፍሪጅ ውስጥም ትባዛለች። ይህን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። በተለይ አካሄዷ ይገርመኝ ነበር። ውጭ ሳለች የምትዋኝበት የራሷ ጭራ አላት፤ የሰውነት ሙቀት ሲያገኛት ግን መሥራቱን ትተወዋለች። የእኛ ሴሎች ቅርጻቸውን የሚይዙት አክቲን በሚባል፣ ሁልጊዜ በሚፈርስና በሚሠራ ክር ነው። ባክቴሪያዋ ገላዋ ላይ ባለ አንድ ፕሮቲን ይህን ክር ከኋላዋ ታሠራዋለች። ክሩ ሲረዝም እሷን ወደፊት ይገፋታል፤ ተገፍታም ጎረቤት ሴል ትገባለች። ከሴል ወደ ሴል ስታልፍ ውጭ ስለማትወጣ የደም ጠባቂዎች አያገኟትም። እንዲህ እያለች የእንግዴ ልጁን አልፋ ፅንሱ ጋ ልትደርስ ትችላለች። ተማሪ ሳለሁ "ብልጠቷ!" ብዬ አድንቄያት ነበር። ምላሴን በቆረጠው።

እህቴን ትኩሳት ሲጀምራት የበጋው ሙቀት መስሎን ሁለት ቀን አሳለፍን። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ደሟም እኔ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ መጣ። ደሙ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፣ በማይክሮስኮፕ አይቼ ሊስቴሪያ መሆኗን የለየሁትም እኔ። ውጤቱን እንደ ማንኛውም ሰው ውጤት ጽፌ ፈረምኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው። መድኃኒቱ እሷን አዳናት። ለልጁ ግን አልደረሰለትም።

ሐኪሙ ኢንፌክሽን መሆኑን በፈረንሳይኛ ነግሯታል። እሷ ግን ኢንፌክሽኑም ጥቅሉን ባነሳች ቀን ከደረሰባት ድካም የመጣ ነው ብላ ደመደመች። ወራት አለፉ። ባለፈው ዓርብ ከሰዓት፣ ሌላ ልጅ እንደማትፈልግ ለባሏ እንደነገረችው አጫወተችኝ። "እኔ ለልጅ አልሆንም፤ የተሰጠኝን መጠበቅ አልቻልኩም" አለች።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ስለ ወተቱ፣ ስለ ፍሪጁ፣ ስለ ክሩ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ ሰማችኝ።

"የገዛ ሰውነቴ ገፍቶ አደረሳት ማለት ነው?"

"ሰውነትሽ ምን ያድርግ? አስገድዳው ነው። አፍዪው ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"የደምሽ ውጤት የወጣ ቀን።"

እጇን ከሆዷ አነሳች። "ስለ ወተቱስ ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል" አለች ቀስ ብላ። "ይኼን ሁሉ ወር ግን፣ ልጄን ገደልኩት እያልኩ ሳለቅስ አጠገቤ ተቀምጠሽ እንባዬን ስትጠርጊ ምን ትዪ ነበር በልብሽ?"

ስለ ወተቱ የምላት ብዙ ነገር ነበረኝ። እሷ የጠየቀችኝ ግን ስለ ዝምታዬ ነበር።