አንገታቸውን ያላዞሩት ሹፌር

«ቤትሽ ከዳገት ላይ፣ ቤቴ ከሸለቆ፣
መብራትሽን አየሁ ከደመና ርቆ፣
እደርሳለሁ ብዬ…»

ከዚህ በኋላ ቃል የለም። ጋሽ ዝግታ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸውን ገጥመው ዜማውን ብቻ በአፍንጫቸው ይገፉታል። አሮጌው አውቶቡሳቸውም በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረመ አብሯቸው ዳገቱን ይወጣል። ከሁለቱ ማን ማንን እንደሚያጅብ ለይቶ ያወቀ የለም።

የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሰርቪስ ነው የሚነዱት። ማለዳ የጧት ተረኞችን ከየሰፈሩ ለቅመው ያስገባሉ፣ የሌሊቶቹን ወደየቤታቸው ይመልሳሉ፣ ቀትር ላይ የከሰዓቶቹን ይዘው ይመጣሉ። ምሳቸውን ሞተር አጥፍተው፣ ምሳ ዕቃውን መሪው ላይ አስደግፈው ይበላሉ። ዕድሜያቸው የሄደው እንዲህ ነው፤ ሰው እያደረሱ።

የጎደለውን ስንኝ ልትሞላላቸው ያልሞከረች ሰፊ የለችም።

«እደርሳለሁ ብዬ ሰርቪስ አመለጠኝ» ትላለች አንዷ ከኋላ ወንበር።

«እደርሳለሁ ብዬ ዝግታ አስረጀኝ» ትቀበላታለች ጎረቤቷ። አውቶቡሱ በሳቅ ይናጣል።

እሳቸው በስፖኪዮው ውስጥ አይተዋቸው በጢማቸው ሥር ፈገግ ይላሉ። «የቸኮለች ወርዳ ትሩጥ።»

ዝግታ ብለው ያወጡላቸው እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ስሙ ሲወጣ ሽሙጥ ነበር። እያደር ግን፣ በዝናብ ቀን ያንን ቁልቁለት ከሌላ ሹፌር ጋር ወርደው ካዩ በኋላ፣ «ጋሽ» ጨመሩበትና ማዕረግ ሆነ።

አንድ ወግ ነበራቸው። ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ስልካቸውን ያጠፉና ከፊተኛው ወንበር ለምትቀመጠው ለኮሌታ ሰፊዋ ያቀብላሉ። እሷም ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ዚፑን ስባ፣ «ተረክቤያለሁ» ትላለች። ቁልፉ የሚዞረው ያኔ ነው። ስልክ ያዥነት ሹመት ነበር፤ ኮሌታ ሰፊዋ ወልዳ ቤት በተኛች ጊዜ፣ ወንበሩን ለመውረስ ሁለት እጅጌ ሰፊዎች ተኳርፈው ሰንብተዋል።

ወጉ የመጣው ከታናሽ ወንድማቸው ሞት ነው። እሱም ሹፌር ነበር፣ የጭነት መኪና። ቁልቁለት ላይ ስልኩን ለማየት ዓይኑን ከመንገዱ ነቀለ፤ ድልድዩ አልጠበቀውም። አስከሬኑን ለመለየት የሄዱት ጋሽ ዝግታ ናቸው። በላስቲክ ጠቅልለው ያስረከቧቸው ስልክ አንድ ጭረት አልነበረውም። እጃቸው ላይ ሳለም ጠራ። አላነሱትም። ከዚያ ወዲህ መሪ ላይ ሳሉ ዓይናቸው ከመንገዱና ከስፖኪዮው በቀር ለማንም ተሰጥቶ አያውቅም።

የመንጃ ፈቃዳቸው የማብቂያ ጊዜ ሲቃረብ፣ ፎቷቸውን በኪሳቸው ይዘው እንደወትሮው ሊሰለፉ አሰቡ። ሰልፍ ቀርቷል ተባሉ። አሁን ሁሉም በኢንተርኔት ነው፤ ቤትዎ ቁጭ ብለው። «ቤትዎ ቁጭ ብለው» የሚለውን ሲሰሙ ባለቤታቸው ሳቁ። «ሹፌሩ ቤቱ ቁጭ ካለማ እኔም የጋብቻ ወረቀቴን አሳድሳለሁ» አሉ።

እሑድ ቀን ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው መጣች። በአባቷ ስልክ የሚሞላውን ሞላች፣ የዓይን ምርመራውን ውጤት አነሳችና አያያዘች። የቀረው ፊት ማሳየት ብቻ ነበር።

ስልኩ፣ ፊትዎን ወደ ቀኝ ያዙሩ አለ።

ጋሽ ዝግታ ዞሩ። ስልኩ ግን እንደገና ያዙሩ አላቸው።

«አባዬ፣ ዙር እኮ ነው የሚልህ።»

«ዞርኩ እኮ።»

«ያዞርከው ዓይንህን ነው። አንገትህን አዙር።»

«አንገቱን የሚያዞር ሹፌር ገደል ነው የሚገባው።»

ባለቤታቸው ከጓዳ በር ላይ ሆነው፣ «ተይው ልጄ» አሉ። «በሠርጋችን ቀን እኔንም ያየኝ በዓይኑ ጫፍ ነው። ስፖኪዮ መስዬው ነው መሰለኝ።»

ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ስልኩ እጇ ላይ ተንቀጠቀጠ። ደግመው ሞከሩ። እሳቸው አንገታቸውን ለማዞር ከልባቸው ይነሳሉ፤ ግን ፊታቸው ካለበት ሳይነቃነቅ ዓይናቸው ቀድሞ ሄዶ ይመለሳል። የስንት ዓመት መንገድ የሠራው አንገት በአንድ እሑድ አይፈርስም። በመጨረሻ ስልኩ ታከተውና አንድ ጽሑፍ አወጣ፦ ማንነትዎን ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ማመልከቻዎ ለተጨማሪ ማጣሪያ ተልኳል፤ ጥሪ ሲደርስዎ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ፊትዎን ያሳዩ።

«ምንም አይደል አባዬ፣ ይጠሩሃል።»

«መቼ?»

«በሥራ ሰዓት ይላል።»

«በማን የሥራ ሰዓት?»



የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው ስልኩ ጠፍቶ በኮሌታ ሰፊዋ ቦርሳ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ነው። ፋብሪካው በር ላይ ሲከፍቱት፣ ጥሪው አልፏል፣ ተራ ይጠብቁ የሚል አገኙ። ልጃቸው ስትሰማ ተቆጣች፤ እንግዲህ ስልክህን አታጥፋ አለቻቸው። የስምሪት ኃላፊውም ባገኛቸው ቁጥር «ጋሼ፣ ያ ነገር ምን ደረሰ?» እያለ ይጠይቃቸው ጀመር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ጊዜው ላለፈበት ፈቃድ ቁልፍ ቢሰጥ ኢንሹራንሱ እንደማይቀበለው፣ አስተዳደሩም እንደማይምረው ነገራቸው። ጋሽ ዝግታ ገባቸው። ያ አውቶቡስ ከእጃቸው ከወጣ በዚህ ዕድሜያቸው ሌላ የሚሰጣቸው የለም።

ስለዚህ ወጋቸውን በግማሽ ሰበሩት። ስልኩ ሳይጠፋ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ ተባለ። ኮሌታ ሰፊዋም ዚፑን ክፍት ተወችው።

ሁለተኛው ጥሪ የመጣው ቀትር ላይ፣ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ነበር። ያ መንገድ በአንድ ጎኑ የድንጋይ ግንብ፣ በሌላው ቦይ ነው፤ ከኋላቸው ሲሚንቶ የጫነ መኪና ተለጥፎባቸዋል፤ ከፊት ትምህርት ቤት ተለቆ ልጆች በቦዩ ጫፍ እየተጋፉ ይወጣሉ።

«ጋሼ፣ መጣ» አለች ኮሌታ ሰፊዋ። «እየቆጠረ ነው።»

«ያዢው። ነዳጅ ማደያው ጋ ዳር እይዛለሁ።»

«እስከዚያ ያልቃል ጋሼ።»

«ዳር የለማ። የት ልቁም?»

ኋላ ያሉት ሰሙ። ሳቁ ቆመ፤ ዘፈኑ ቀድሞ ቆሟል። አንዷ ተነስታ የወንበሩን ብረት ይዛ፣ «አንዴ ብቻ ዞር ቢሉ ምን አለበት? መንገዱን እኛ እናይልዎታለን» አለች። ልትቀልድ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ልመና ሆኖ ወጣ።

ኮሌታ ሰፊዋ ስልኩን ስፖኪዮው ጎን ወደ ላይ አነሳችው። «እዚህ ልያዝልዎት። ትንሽ ብቻ፣ አገጭዎን ወደዚህ…»

«አውርጂው።»

አልጮሁም። ሌላ ቀን «ደርሰናል፣ ውረዱ» በሚሉበት ድምፅ ነው ያሉት። እሷም አወረደችው፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን ጫነችበት። አውቶቡሱ ወረደ። ልጆቹን አለፈ፤ አንዱ ልጅ የሌላውን ቦርሳ ጎትቶ ወደ መንገዱ ሲንገዳገድ ጋሽ ዝግታ ጭራሽ ቀሰስ አሉ፣ ከኋላ ያለው መኪና ክላክሱን ለቀቀው። ያን ቀን ያ የሚዘፈንለት ዝግታ ለሴቶቹ መራራ ሆነባቸው፤ ጥፍራቸውን እየበሉ ቁልቁለቱን ጨረሱ።

ማደያው ጋ ፍሬቻ አሳዩ፣ ዳር ያዙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ስጪኝ።»

ኮሌታ ሰፊዋ ስልኩን ስትሰጣቸው ፊታቸውን አላየችም። ጋሽ ዝግታ በስልኩ መስታወት ላይ ያለውን አነበቡት። ጥሪው አልፏል፣ ተራ ይጠብቁ። መልሰው ሰጧት።

«ተረከቢ» አሉ። «ሰዓት ይረፍድባችኋል።»

በማግሥቱ የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቀው መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዱ። ድሮ በሰልፍ የሚጨናነቀው አዳራሽ ባዶ ነው፤ ወለሉ ተወልውሎ ያበራል። አንዲት ወጣት ብቻ ከመስኮት ኋላ ተቀምጣለች።

«አባት፣ እኛ ጋ አይታደስም። በኢንተርኔት ነው።»

«ፊትህን አሳይ አላችሁኝ። ይኸው መጣሁ፣ ፊቴ ይኸው።»

«የማየው እኔ አይደለሁማ። ሲስተሙ ነው።»

«አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ፣ ልጄ?»

«እኔ መረጃ ሰጪ ነኝ።»

«እሺ፣ ስጪኝ።»

«ጥሪ ይጠብቁ።»

ባዶውን አዳራሽ አቋርጠው ሲወጡ የገዛ ጫማቸው ድምፅ ተከተላቸው። በሰልፉ ዘመን ቢያንስ አብሮህ የሚያማርር ሰው ነበር።

የመንጃ ፈቃዳቸው ቀን ሞላ፣ ጥሪ አልመጣም። የስምሪት ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ቁልፉን ሲያኖሩት፣ ማንጠልጠያው ላይ ሰፊዎቹ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሠሩላቸው ትንሽ ኮሌታ ነበር። ይፍቱት ወይስ ይተዉት፣ አመነቱ። ተዉት። «እስኪታደስ ብቻ ነው ጋሼ» አለ ኃላፊው። ቁልፉን በመሳቢያው ሲከት ግን ሥራ እንደሚጠብቀው ሰው ቸኮለ።

ቤት መዋል ከበዳቸው። ጎህ ሳይቀድ ይነቃሉ፣ ጫማቸውን ያስራሉ፣ ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ቀኝ እግራቸው መሬቱን ቀስ አድርጎ ይጫናል። ባለቤታቸው በልማድ ምሳ ዕቃውን ሞልተው ያዘጋጁና የት እንደሚያደርጉት ሲጨንቃቸው መስኮቱ ላይ ያኖሩታል። ማንም አይከፍተውም። ጋሽ ዝግታ ምሳ ሰዓት ሲሆን «አልራበኝም» ብለው በሰፈሩ መንገድ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

እንዲህ ከርመው አንድ ረፋድ ስልኩ ጮኸ። ባለቤታቸው አንስተው ፊት ለፊታቸው ያዙላቸው። ፊትዎን ወደ ቀኝ ያዙሩ አለ። ጋሽ ዝግታ ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ዓይናቸው አይደለም፣ አንገታቸው፣ ሙሉ ፊታቸው፣ መስኮት ዳር ተቀምጦ የሚያልፈውን ዛፍ እንደሚያይ ተሳፋሪ። ወደ ግራም እንደዚያው ዞሩ። ስልኩ ወዲያው ተቀበላቸው፤ ተሳክቷል፣ እናመሰግናለን አለ።

«አየህ፣ ዞርክ» አሉ ባለቤታቸው። ከዚያ የባላቸውን ፊት አዩና ስልኩን አወረዱት።

ፋብሪካው ድረስ ሄደው የታደሰውን ፈቃድ በስልኩ መስታወት ላይ አሳዩ። የስምሪት ኃላፊው እንኳን ደስ አለዎት አላቸው። ወንበር ሳበላቸው። ወንበሩን ሲስብላቸው ነገሩ ገባቸው።

«ቁልፉስ?»

«ጋሼ…» አለና ወደ መስኮቱ አየ። «አዲሱ ልጅ ቶሎ ያደርሳል። ሴቶቹ ሰዓት ሳይደርስ መግባት ጀምረዋል፤ አስተዳደሩ ወዶታል። እርስዎን በተጠባባቂነት ይዘንዎታል፣ አንድ ነገር ሲገኝ እንጠራዎታለን።»

«ጥሪ ልጠብቅ?»

ኃላፊው አንገቱን ደፋ።

ሲወጡ አውቶቡሱ ግቢው ውስጥ አቧራ አስነስቶ ቆመ። የአዲሱ ሹፌር ስልክ ከፊት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ያበራል፤ ልጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ያወራበታል። ሰፊዎቹ ወረዱ። ኮሌታ ሰፊዋ ስታያቸው ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ስልክ ያዡ ማን ሆነ?» አሏት።

«ማንም ጋሼ። መስታወቱ ነው የሚይዘው።»

«ዘፈኑስ?»

«ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳለን እንደርሳለን።»

ሳቁ ሁለቱም፣ ሳቅ ከተባለ።

ወደ ቤታቸው የተመለሱት በታክሲ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነው። ቁልቁለቱ ላይ ቀኝ እግራቸው የሌለ ፍሬን ረገጠ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው እግሩን ሰበሰበ።

ባለቤታቸው በር ከፍተው አዩዋቸው። መስኮቱ ላይ የነበረውን ምሳ ዕቃ ወስደው ከፈቱ፣ ሩዙንና ድንቹን ሳህን ላይ ገለበጡ፣ ማንኪያ አኖሩ። ከተጋቡ ጀምሮ «አንድ ቀን እንኳ ቀትር ላይ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለህ ብላ» ሲሉ ኖረዋል። አሁን አላሉም። ወንበሩን ብቻ ሳቡ።

ጋሽ ዝግታ ቆመው ሳህኑን አዩ።

«ያ ዘፈን» አሉ፤ «እደርሳለሁ ብዬ… ከዚያ በኋላ ምን ነበር የሚለው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? አብረን አይደል የሰማነው? የሬዲዮኑ ባትሪ ያለቀው እዚያች ላይ ነው።»

«እውነትሽን ነው።»

አንገታቸውን አዙረው፣ በዓይናቸው ጫፍ ሳይሆን በሙሉ ፊታቸው፣ ሚስታቸውን አዩዋቸው። ሽበቱ ከጆሯቸው በላይ መቼ እንዲህ እንደበዛ አላወቁም። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉና፣ ቁጭ ብለው፣ መብላት ጀመሩ።