በወረቀት የተሸፈነችው ሸክላ

ወገቤ እንደ ድሮው አይታጠፍልኝም። የሙዚቃ ሸክላ መፈለግ ደግሞ የጎንበስ ሥራ ነው፤ ካርቶኑ ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከምኖርባት ከታከር ከተማ ተነስቼ ዱሉዝ፣ ከዱሉዝ ሊቶኒያ እየነዳሁ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት የሰው ጋራዥ ውስጥ አጎንብሼ ኖሬያለሁ። ሰዎች ምን እንደምሰበስብ ሲጠይቁኝ "የድሮ ሶል ሙዚቃ" እላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን የምፈልገው አንዲት ሸክላ ብቻ ነበር። ሳሎኔን ሞልተው መቀመጫ ያሳጡኝ ሌሎቹ እሷን ስፈልግ የገዛኋቸው ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በዲቪ በመጣን በሁለተኛው ዓመት ነው። እኔ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ፣ ባለቤቴ የሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ አብረን የምናርፈው እሁድ ብቻ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሊቶኒያ፣ በፀጉር ቤትና በልብስ ማጠቢያ መካከል ወዳለች ጠባብ ክለብ ወሰደን። እሁድ አመሻሹ ላይ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን እንኳ ያላወለቁ ጥቁር አሜሪካውያን እናቶችና ጫማቸውን የወለወሉ አዛውንቶች በወጣትነታቸው ሙዚቃ ይጨፍሩባታል። ጫማ እንዲያንሸራትት ወለሉ ላይ የሕፃናት ፓውደር ይነሰነሳል። እኔ ገና በመጀመሪያው ቀን ተንሸራትቼ በቂጤ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችብኝ፤ አሜሪካ ከገባን እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ እሁድ አልቀረንም።

ሙዚቃውን የሚያጫውቱት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ። ሸክላው መሐል ላይ የተጻፈውን ስም በነጭ ወረቀት ለጥፈው ይሸፍኑታል። የሥራው ወግ ነው፤ የብርቅ ሸክላ ስም ከታወቀ ሌላው ዲጄ ገዝቶ በሳምንቱ በራሱ ክለብ ያጫውተዋል። መዝጊያቸው ሁልጊዜ አንዲት ዘፈን ነበረች። የምትዘፍነው ሴት ድምጿ ደክሟል፤ ቀኑን ሙሉ ሠርታ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች የምታንጎራጉር ትመስላለች። ያቺ ዘፈን ስትመጣ ባለቤቴ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ ታስደግፋለች። አንዳንዴ እንደቆመች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። በሕይወቴ ከዚያ የበለጠ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕንጻው ተሸጠና ክለቡ የፍራሽ መደብር ሆነ። በመጨረሻው እሁድ ወደ መኪናችን ስንሄድ "ያቺን ዘፈን ፈልጌ አመጣልሻለሁ" አልኳት።

"ስሟን ሳታውቅ? ሂድና ሰውዬውን ጠይቃቸዋ! ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።"

አልጠየቅኳቸውም። ይሉኝታ ያዘኝ። ሰው በወረቀት የሸፈነውን ነገር ግለጥና አሳየኝ እንዴት ይባላል? በኋላም ሁለት ሦስት ጊዜ ሱፐርማርኬት ውስጥ አግኝቻቸዋለሁ። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ጠይቄ ተሰናበትኳቸው። ሸክላ ሻጮቹ "ግጥሟ ምን ይላል? አንድ መስመር ካለህ ስሟን መፈለግ ቀላል ነው" ይሉኛል። የኔ ጆሮ ደግሞ እንግሊዝኛ ሲዘፈን ይደነቁራል። ዜማውን ሳንጎራጉርላቸው እየሳቁ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ትቀልድብኝ ነበር። በኋላ ደግሞ "ዛሬ እንኳ ቅር" ማለት ጀመረች። "አንድ ቦታ ብቻ አይቼ መጣሁ" እላታለሁ። አንዱ ቦታ ሦስት ይሆናል፤ ስመለስ እሷም ልጃችንም በልተው፣ የኔ ምግብ ተከድኖ ይጠብቀኛል። ለሷ ብዬ ነው የምደክመው እያልኩ እከፋ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አረፈች። እኔ ቅዳሜ መውጣቴን አልተውኩም፤ ቤት ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ?

ባለፈው ወር የዲጄውን ሞት ሰማሁ። እንደ ወጋችን ውሃና ለስላሳ በካርቶን ተሸክሜ ለቅሶ ለመድረስ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ሸበቶው ልጃቸው ዕቃ የሚያደርስ መስሎት "እኛ አላዘዝንም" አለኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ግን ዓይኑ ፈጠጠ። ወደ ውስጥ ገብቶ አንዲት ትንሽ ሸክላ ይዞ ወጣ። ነጩ ወረቀት ቢጫ ሆኗል።

"ሌሎቹ አባቴን ሲጠይቁት የውሸት ስም ነበር የሚነግራቸው" አለኝ። "ያ ኢትዮጵያዊ ከጠየቀኝ ግን ሸክላዋን ራሷን እሰጠዋለሁ ይል ነበር። ለምን አልጠየቅከውም?"

ሸክላዋን እጄ ላይ አኖራት። እንደ ሕፃን አቅፌያት ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ ልጄ መጥታ ወጥ ቤት ሰሃን ታጥባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራዋ ስታርፍ ትጠይቀኛለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን እኔ አልኖርም። ምንም ሳልነግራት ሸክላዋን ማጫወቻው ላይ አድርጌ መርፌውን አሳረፍኩ። ትንሽ ተንኮሻኮሸና ያ የደከመ ድምፅ ወጣ። ተቀመጥኩ። ወዲያው ከወጥ ቤት ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ልጄ እየዘፈነች ነው፤ አንድም ቃል ሳትስት፣ አንዳንድ ቦታ ዘፋኟን እየቀደመች።

"ይቺን የት ታውቂያታለሽ?"

"ዳዲ፣ የማሚ ዘፈን ናት እኮ! ላይክ፣ ኤቭሪ ቅዳሜ። ፀጉሬን ስትሠራኝ ትዘፍናት ነበር። ከነግጥሟ ያስተማረችኝ እሷ ናት። የምታውቅ መስሎኝ!"

"ለኔ ዘፍናልኝ አታውቅም።"

"ቤት አልነበርክማ" አለችኝ።

በቁጣ አይደለም ያለችው፤ ሰሃኑን እያደረቀች ነው። ሃያ ዓመት በሰው ጋራዥ የፈለግኳት ዘፈን በየሳምንቱ በገዛ ቤቴ ትዘፈን ነበር። ዘፈኗ አልቃ ሸክላዋ በባዶ ትሽከረከራለች።

"ድገሚልኝ" አልኳት።

እጇን በፎጣ እየጠረገች ወደ ማጫወቻው ሄደች።

"እሱን ተዪው" አልኳት። "እናትሽ ትዘፍናት እንደነበረው፣ አንቺ ዝፈኚልኝ።"