ያልሞላ ሰዓት

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርሁ። አራስ ሕፃን ኢንፌክሽን ይዞት እንደሆነ ቀድሞ ለማወቅ ያኔ የነበረን መላ ቀላል ነው፤ ከተረከዙ ጥቂት ደም ወስጄ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ቀጥ አድርጌ አቆማለሁ። ቀዩ ደም ወደ ታች ይዘቅጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ዘቀጠ አነባለሁ። ብዙ ከዘቀጠ ሕፃኑ ውስጥ በሽታ አለ ብለን እንጠረጥራለን። ከእኔ የሚፈለገው ሰዓቱ እስኪሞላ መጠበቅ ብቻ ነበር፤ እሱን ነው ያቃተኝ።

አንድ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ከሐይቁ ማዶ የመጡ ቄስና ባለቤታቸው የስድስት ቀን ወንድ ልጃቸውን ይዘው ገቡ። "ጡት እምቢ አለ" አሉ እናቲቱ። ሌላ የሚታይ ነገር የለውም። ሐኪሙ ቁርጡን ለደሙ ተወው፤ ከፍ ካለ ይተኛል፣ ዝቅ ካለ ይሄዳል። ቱቦውን ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ አቆምሁና "አንድ ሰዓት ይጠብቁ፣ አባ" አልኋቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የውይይት ክበብ ነበረን። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ በሥራ ምክንያት የቀረ ሰው ያን ያህል አይነካም ነበር። እውነቱን ልናገር፤ የዚያን ቀን ጽሑፉን የማነበው እኔ ነበርሁ፣ ካኪዬን አስተኩሼ ለብሻለሁ፣ የክበቡ ሊቀመንበር እንዲያዩኝ ፈልጌያለሁ። ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ሲል ቱቦውን አየሁት። ስድስት ይላል። "ከዚህ ወዲያ የት ይደርሳል" ብዬ ስድስት ጻፍሁ። ወረቀቱን ለሐኪሙ ሰጥቼ ሮጥሁ። ጥሩ አድርጌም አነበብሁ፣ ተጨበጨበልኝ።

ሕፃኑን ይዘው ወጡ። ጀልባው እስከ ነገ ስለማይነሣ ዓባይ ማዶ ዘመድ ቤት አደሩ፤ ደግነቱ ይኸው ነው። በማግስቱ ጧት ሕፃኑ ዝሎ፣ ማልቀስም አቅቶት ይዘውት ተመለሱ። እናቲቱ "ክርስትና ሳይነሣ እንዳይሄድብኝ" እያሉ ያነባሉ። ቱቦውን እንደገና አቆምሁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኔን አልነቀልሁም። ሃያ ሁለት።

"ትናንት ስድስት፣ ዛሬ ሃያ ሁለት! ምን ዓይነት ፈጣን በሽታ ነው?" አለ ሐኪሙ።

"ፈጣን ነው" አልሁ። ይህችን ቃል ባስታወስሁ ቁጥር እስከ ዛሬ መሬት ብትውጠኝ እወዳለሁ።

መርፌው ተጀመረለት። በየቀኑ ሰበብ እየፈለግሁ ክፍላቸው በር ላይ እቆማለሁ እንጂ አልገባም። በዐሥራ አንደኛው ቀን ድኖ ወጣ። ሲሄዱ ቄሱ ወደ እኔ መጥተው "ልጄን ክርስትና ታነሣልኛለህ" አሉኝ። እምቢ ብል ምክንያቱን ልናገር ነው። እሺ አልሁ።

በአርባኛው ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ልጁን እንዳቀፍሁ ከቄሱ ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሥር ቆምን። አላስችል አለኝ።

"አባ፣ የዚያን ቀን..."

"አውቃለሁ" አሉ። "እኛ የቅዳሴ ሰዓት የምናውቀው ጥላችንን በጫማ እየለካን አይደል? አንድ ሰዓት ስትለኝ ግቢው ውስጥ ቁሜ ጥላየን ለካሁ። ወረቀቱን ይዘህ ስትወጣ ደግሜ ለካሁ፣ ገና ነበር። የተማረ ሰው ነው፣ ያውቃል ብየ ዝም አልሁ። እኔም አለሁበት።"

"ታዲያ ምነው እኔን መረጡ?"

"ከእንግዲህ ለዚህ ልጅ እንዳንተ የሚሳሳለት ሰው ከየት አመጣለሁ?"

ፊቴን የምሸሽግበት አጣሁ። ልጁን ልመልስላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ አልተቀበሉኝም።